ፊልም ሲጀምር ልብ የሚይዘው ምኑ ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ፊልም አጀማመር ናቸው፣ አንዳንዱ ፊልም ከሚሰሩ ልጆች የመጣ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ አብዛኞቻችን ቁጭ ብሎ ከሚያይ ሰው። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ቆይቻለሁ፣ እሱ ከገባን ሌሎቹ ይቀላሉ ብዬ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የፊልሞቹን መጀመሪያ ደግሞ መናገሬ አይቀርም፣ ሳላየው አትንገሩኝ የሚል ካለ ከአሁኑ ይወቀው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የፊልም ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ የ12 ደቂቃ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። አስተማሪያችን ሰውን በመጀመሪያው ደቂቃ ካልያዝከው አጣኸው ይለናል፣ ስለዚህ በድብድብ ልጀምር ወይስ በመኪና አደጋ እያልኩ ነው፣ ግን ያለኝ የጓደኛዬ ካሜራና የአክስቴ ሳሎን ብቻ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ አስተማሪህ ልክ ነው፣ ግን መያዝና ማስደንገጥ ይለያያሉ። ድብድብ ያስደነግጣል እሺ፣ ነገር ግን የሚደባደቡትን ሰዎች ገና አላወቅኳቸውም፣ ማን ቢያሸንፍ ደስ እንደሚለኝ ማን ቢመታ እንደሚያመኝ አላውቅም፣ ዓይኔ ያያል ልቤ ግን የለበትም። ሰው ከወንበሩ የማይነሳው የሚጨነቅበት ነገር ሲያገኝ ነው፣ ጭንቀቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እኛ የምናውቀውን ነገር ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሳያውቀው ሲቀር ነው።

በሚያስጨንቁ ፊልሞቹ የታወቀው ዳይሬክተር ሂችኮክ ይሄን ከፈረንሳዩ ዳይሬክተር ከትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ መጠይቅ ላይ በደንብ አስረድቶታል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፣ ከጠረጴዛው ስር ቦምብ አለ፣ እኛም አናውቅም እነሱም አያውቁም፣ በድንገት ይፈነዳል፣ በቃ 15 ሰከንድ ደነገጥን። አሁን ደግሞ ቦምቡ ሲቀመጥ አይተናል እንበል፣ የሚፈነዳበትን ሰዓትም እናውቃለን፣ ሰዎቹ ያንኑ ተራ ወሬ ያወራሉ፣ እኛ ግን ተነሱ እንጂ ምን ታወራላችሁ እያልን 15 ደቂቃ ሙሉ እንቃጠላለን። ወሬው አልተቀየረም፣ የተቀየረው እኛ የምናውቀው ነገር ነው።

ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ በ1958 በወጣው «ተች ኦፍ ኢቭል» ይሄንኑ ሳይቆርጥ በአንድ ሾት አሳይቶታል፣ ከ3 ደቂቃ በላይ ነው። መጀመሪያ የምናየው እጅ ነው፣ ፈንጂው ላይ የታሰረውን ሰዓት ይሞላል፣ ከዛ አንድ ሰው ሮጦ መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ይከተዋል። አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት እየሳቁ መጥተው መኪናው ውስጥ ይገባሉ። ካሜራው በክሬን ብድግ ብሎ ከላይ ይከተላቸዋል፣ መኪናው የሜክሲኮና የአሜሪካ ድንበር ላይ ባለች ከተማ መሃል ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ሰው ያስቆመዋል፣ ፍየል ያስቆመዋል፣ አዲስ ተጋቢዎች በእግራቸው አጠገቡ ይሄዳሉ፣ አንዴ እሱ ይቀድማቸዋል አንዴ እነሱ። ኬላው ላይ መኪናው ውስጥ ያለችው ሴት ጭንቅላቴ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማኛል ትላለች፣ የሚሰማት የለም። እኛ ብቻ ነን የምናውቀው። ስቱዲዮው ግን ፊልሙን ሲያወጣው እዚህ ሾት ላይ የስም ዝርዝርና የማጀቢያ ሙዚቃ ጫነበት። ዌልስ ስለ ፊልሙ ኤዲቲንግ 58 ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ነበር፣ አብዛኛው ሳይሰማለት ቀረ። በ1998 ኤዲተሩ ዋልተር መርች ያንን ማስታወሻ ይዞ ፊልሙን እንደገና ሲያስተካክለው ጽሁፉን አነሳ፣ ሙዚቃውንም ከየቡና ቤቱና ከመኪናው ሬዲዮ በሚወጣ ድምፅ ተካው፣ አሁን መኪናው ከካሜራው ቢወጣ እንኳን ሬዲዮው ሲቀርብና ሲርቅ ፈንጂው የት እንዳለ በጆሮህ ትከታተለዋለህ። ሁለቱንም አገላብጠህ እያቸው፣ ከብዙ ሌክቸር በላይ ያስተምሩሃል።

አሁን ወደ አክስትህ ሳሎን እንምጣ። ቦምብ አያስፈልግህም፣ እኛ አገር መርዶ አለ። ንጋት ላይ ነው እንበል፣ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ድምፅ ሳያሰሙ ሳሎኑ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገብታለች፣ ሌላዋ በዓይኗ ጠቀስ ስታደርጋት ቶሎ ብላ ታስተካክለዋለች። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ማነው የሚነግራት?» ይላሉ፣ አክስትየዋ «እህል ትቅመስ መጀመሪያ» ትላለች። ከጓዳ ልጅቷ ስታንጎራጉር ይሰማል። ትወጣለች፣ ሰውን ሁሉ ስታይ ፊቷ ይበራል፣ «ውይ በጠዋቱ! ምን ተገኘ ዛሬ?» ትልና ሮጣ ረከቦቱን ታወጣለች፣ ስኒ ትቆጥራለች፣ ስኒው አልበቃ ሲላት ከጎረቤት ላምጣ ትላለች። ማንም ቀና ብሎ አያያትም።

ይሄ ሁሉ አንድ ክፍል ነው፣ አንድ ካሜራ ነው፣ የሚጮህ ሰው እንኳን የለም፣ ግን አማርኛ የሚሰማ ተመልካች ነጠላዋን ሲያይ ገብቶታል፣ ከዛ በኋላ ተነስቶ አይሄድም። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ማን እንደሞተ አትንገረን። የሆነ ሰው መሞቱን እኛ እናውቅ፣ ማን እንደሆነ ግን እንደሷ አንወቅ። አባቷ ነው? ወንድሟ ነው? አንዱን ሰጥተኸን አንዱን ስትደብቀን ነው ሁለት ጥያቄ ይዘን የምንቀመጠው። ደግሞ ይሄ ነገር አሜሪካም አውሮፓም ያሉ የኛ ሰዎች የሚያውቁት ነው፣ እዛም ቢሆን ጓደኛ ወደ ሥራ ሳይሄድ ማለዳ ተሰብስበው በር ያንኳኩበታል፣ ስለዚህ ፊልምህ የትም ቢታይ የሚገባው ሰው አታጣም።

ጥያቄ፦ «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ» የሚለውን ፊልም ሰሞኑን አየሁት፣ መጀመሪያው ላይ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ብቻ ነው የሚያወሩት፣ አንዱ ወተት ይጠጣል፣ ወደ 20 ደቂቃ የሚጠጋ ነው፣ ግን ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ምንድነው ያደረገኝ? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ካሜራው ወለሉ ስር የወረደበትን ቅጽበት አስታውሺ። ዳይሬክተሩ ታራንቲኖ በ2009 በሰራው በዚህ ፊልም 1941 ላይ አንድ የናዚ መኮንን ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ወዳለ የገበሬ ቤት ይመጣል፣ በጣም ጨዋ ነው፣ ወይን ልቅዳልህ ሲሉት ወተት ይበቃኛል ይላል፣ የቤቱን ልጆች ያመሰግናል። እስከዚህ ድረስ የሆነ ነገር እንዳለ ይሸተናል እንጂ አናውቅም። መሃል ላይ ግን ካሜራው ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ወደታች ይወርድና ከሳንቃው ስር አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ከናዚ የተደበቁ አይሁዶችን ያሳየናል። ከዛ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ጨዋ ቃል ሌላ ነገር ይሆናል፣ ሰውዬው እስክሪብቶ ቢያነሳ እንኳን ልብሽ ይመታል።

እኔ በዚህ ትዕይንት የምወደው ሌላ ነገር ቋንቋው ነው። መኮንኑ ፈረንሳይኛዬ አልቋል በእንግሊዝኛ እናውራ ይላል፣ ሲጀመር ለአሜሪካ ተመልካች ተብሎ የተደረገ ነገር ነው የሚመስለው፣ ኋላ ላይ ነው የሚገባሽ፣ ለካ ከስር ያሉት ሰዎች እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ የሚባለውን እንዳያውቁ ነው። ማለት ታሪኩም ባህሪውም አንድ ላይ ወጣ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማንም ሳይነግረን አወቅነው። ደግሞ እዛ የተዘራው ዝም ብሎ አይቀርም፣ ከሳንቃው ስር ከነበሩት ያመለጠችው ልጅ ከዓመታት በኋላ ፓሪስ ምግብ ቤት ውስጥ ከዚሁ ሰውዬ ጋር ትቀመጣለች፣ እሱም ለሷ አንድ ብርጭቆ ወተት ያዝላታል። መጀመሪያውን ያላየ ሰው ወተት ነው የሚያየው፣ ያየ ሰው ደሙ ቀጥ ይላል።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ ማታ ስገባ በስልኬ የአማርኛ ፊልም አያለሁ። ሁሌ የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ እያሳለፍኩ ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም ከተማው ከላይ ይታያል፣ መኪና ይነዳል፣ ዘፈን አለ፣ ስም ይጻፋል፣ ከዛ አልጋ ላይ ሰው ከእንቅልፉ ይነሳል። ባሳልፈውም ምንም አያመልጠኝም። ለምንድነው እንደዚህ የሚጀምሩት?

መልስ፦ እህቴ፣ ፊልም የሚሰራ ሁሉ ይሄን ጥያቄሽን ቢያነበው ደስ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ስትለፊ ውለሽ ካለችሽ ትንሽ የእረፍት ሰዓት ላይ 5 ደቂቃ ስትሰጪው ያን 5 ደቂቃ ማክበር የሱ ግዴታ ነው። አሳልፈሽው ምንም ካላመለጠሽ ታሪኩ ገና አልተጀመረም ነበር ማለት ነው። ድሮን በራሱ ኃጢአት የለበትም፣ ችግሩ ከላይ የሚታየው ከተማ ውስጥ የማንን ቤት፣ የማንን ጭንቀት እንደምንፈልግ ሳይነገረን መብረሩ ነው። ከእንቅልፍ መነሳቱም እንደዛው፣ ሰው ሁሉ ጠዋት ይነሳል ጥርሱን ይፋቃል፣ ስለዚህ ሲነሳ ብናየው ስለሱ ያወቅነው ነገር የለም። ፊልም ሰሪዎቹ ብዙ ደክመው ብዙ ብር አውጥተው እንደሚሰሩ አውቃለሁ፣ ለዛም ነው የሚያንገበግበኝ፣ አቅሙ እያለ መጀመሪያው ይባክናል።

በ1972 የወጣውን «ዘ ጎድፋዘር»ን ብታዪ እንዴት እንደሚጀምር ልንገርሽ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ አንድ ድምፅ «በአሜሪካ አምናለሁ» ይላል፣ ከዛ ጨለማ ውስጥ የአንድ ሰውዬ ፊት ይታያል፣ ሌላ ምንም የለም። ሰውዬው ቀብር አስፈጻሚ ነው፣ ሴት ልጁን ጎረምሶች እንዴት እንደደበደቡበት፣ ፍርድ ቤት ሄዶ እንዴት ጎረምሶቹ በነጻነት ወደ ቤታቸው እንደሄዱ ይናገራል፣ ካሜራው ሦስት ደቂቃ ለሚያህል በጣም ቀስ እያለ ወደኋላ ይሸሻል፣ መጨረሻ ላይ የሚያዳምጠው የማፍያ አለቃ ትከሻና እጅ ብቅ ይላል። ፊቱን ገና አላየንም፣ ግን ሕግ ያልሰጠውን ፍርድ ሰው ከሱ ለመለመን እንደሚመጣ አውቀናል። ሲመልስለት ደግሞ የሚለውን ስሚ፣ ሚስቴ የልጅህ ክርስትና እናት ሆና ሳለች ቤትህ ቡና እንድጠጣ የጠራኸኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም ይለዋል። ይሄን ቅሬታ እኛ ቤት የማያውቀው አለ? ስለ ማፍያ ምንም የማታውቅ የኛ እናት እንኳን ሰውዬው ለምን እንደከፋው ወዲያው ነው የሚገባት። ፓርቲው፣ ሠርጉ፣ ሙዚቃው፣ ሕዝቡ ሁሉ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚደረግ ካወቅን በኋላ ሠርጉን የምናየው በሌላ ዓይን ነው። ዳይሬክተሩ ኮፖላ በሠርጉ ቢጀምር ኖሮ ደስ የሚል ሠርግ ነበር የምናየው፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ብዙ ፊልሞች መጨረሻውን መጀመሪያ አሳይተው ከዛ «ከ6 ወር በፊት» ብለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ለእኔ ይሄ ነገር ማጭበርበር ይመስለኛል። ተሳስቼ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አልተሳሳቱም መምህር፣ ብዙ ጊዜ ማጭበርበር ነው። የሚጀምርበት ቦታ እንደሚያሰለች ዳይሬክተሩ ራሱ ስለሚያውቅ ከመሃል አንድ ጩኸት ያለበት ነገር ቆርጦ ፊት ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዛ ያው አሰልቺው ይቀጥላል፣ እኛም እዛ ጩኸት ጋር እስኪደርስ ሰዓት እያየን እንጠብቃለን።

ግን በደንብ ሲሰራ እንዴት እንደሚያምር «ሰንሴት ቡለቫርድ»ን ይመልከቱ፣ ቢሊ ዋይልደር በ1950 ያወጣው ፊልም ነው። ፖሊሶች እየበረሩ ወደ አንድ ትልቅ ቤት ይመጣሉ፣ መዋኛ ገንዳ ላይ አንድ ወጣት ሞቶ ተንሳፏል፣ ታሪኩን የሚነግረን ደግሞ ያው የሞተው ሰው ነው። እዚህ ጋር ይሞታል ወይስ አይሞትም የሚለው ጥያቄ ቀረ፣ በቦታው ምን ብሎ ምን አድርጎ እዛ ገንዳ ውስጥ ደረሰ የሚለው ገባ፣ እና ሰውዬው ያንን ቤት ገና ሲረግጥ፣ ስጦታ ሲቀበል፣ ልብስ ሲገዛለት፣ እያንዳንዷ እርምጃ ወደ ውሃው እንደምትወስደው እያወቅን ነው የምናየው። የሚገርመው መጀመሪያ የተቀረጸው ሌላ ነበር፣ አስከሬን ክፍል ውስጥ የተኙ ሬሳዎች እንዴት እንደሞቱ እርስ በርስ ሲያወሩ ነበር የሚጀምረው። ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ ለሕዝብ ሲያሳዩት ሰው በሳቅ ፈነዳ፣ ዋይልደር ያንን ክፍል አውጥቶ ጣለው። ሐሳቡ ያው ነው፣ ሟች ይናገራል፣ ግን የሬሳዎቹ ወሬ ለተመልካች የምትስቅበት ፊልም ነው ብሎ ቃል ገባለት፣ ፊልሙ ደግሞ እንደዛ አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚታየው ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነም መንገር አለበት፣ አለበለዚያ ሰው የተዋሸ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ትልቅ ፊልም ነው ብሎ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት»ን አሳየኝ፣ ሦስት ሰዎች ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብለው ባቡር ይጠብቃሉ፣ ዝንብ ያስቸግራቸዋል፣ አለቀ። ፈጣን መሆን የለበትም እንዴ? (ከደሴ)

መልስ፦ ካልወደድከው ግድ የለም፣ ሁሉም ሰው መውደድ የለበትም፣ ግን አንዴ ድምፁን ከፍ አድርገህ በትልቅ ስክሪን ሞክረው። ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1968 ያን ጣቢያ ከ10 ደቂቃ በላይ ያቆየዋል፣ ሙዚቃ የለም፣ ያለው ሲጥ ሲጥ የሚል የንፋስ መዘውር፣ ኮፍያ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ የጣት ቋቋታና ያቺ ዝንብ ናት። ሰዎቹ ሽጉጥ ታጥቀዋል፣ ጣቢያውን የሚጠብቀውን ሽማግሌ ቆልፈውበታል፣ ስለዚህ የሚመጣውን ሰው ሊስሙት እንዳልመጡ ታውቃለህ። ማንን እንደሚጠብቁ አታውቅም። ባቡሩ እየዘገየ ሲሄድ ያ ሰው በሐሳብህ ውስጥ እየገዘፈ ይሄዳል፣ ሦስት ሰው የተላከበት ማነው ብለህ። ቀርፋፋ መሆንና ባዶ መሆን ለየቅል ናቸው፣ ፍጥነት ሁለተኛ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አስፈሪ ፊልም ልሰራ ነው፣ ጭራቁን መጀመሪያ ላይ ላሳየው ወይስ ልደብቀው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ደብቀው፣ ግን የሚያደርገውን አሳየን። «ጆውስ» 1975 ላይ ሲወጣ ስንቱን ከባሕር ያስፈራው በዚህ ነው። ሌሊት ላይ አንዲት ወጣት ብቻዋን ትዋኛለች፣ አብሯት የመጣው ልጅ ሰክሮ ዳርቻው ላይ ወድቋል፣ ድንገት የሆነ ነገር ወደታች ይስባታል፣ ወዲህ ወዲያ ይጎትታታል፣ ትጮሃለች፣ ከዛ ውሃው ጸጥ ይላል። ሰው የሚበላውን ትልቅ ዓሣ፣ ሻርኩን፣ አላየነውም፣ ከኋላ ሰዎች በገመድ ነበር የሚጎትቷት። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ያሰራው ሜካኒካል ሻርክ ጨዋማ ውሃ ውስጥ እየተበላሸ አስቸግሮት ነበር፣ በ55 ቀን ያልቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ፣ ሻርኩ እምቢ ባለ ቁጥር በካሜራ እይታና በጆን ዊልያምስ ሙዚቃ መኖሩን ብቻ ማሳሰብ ግድ ሆነበት። እና ሁለቱ የሙዚቃ ድምፆች ብቻ በቂ ሆኑ፣ እነሱን ስትሰማ መጥቷል ትላለህ። አንተም ገንዘብ ካነሰህ ደካማ ጭንብል ገዝተህ ፊት ለፊት አታቁመው፣ ድምፅ ላይ አውጣው።

ጥያቄ፦ ሲኒማ ቤት ሁሌ 10 ደቂቃ አርፍጄ ነው የምገባው፣ እጮኛዬ ትናደዳለች፣ እኔ ግን ዋናው ነገር ኋላ ነው እላለሁ። ፍረድልን። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለሷ ፈርጃለሁ። ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶቹን አስጠንቅቆ ነበር፣ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የሥራ አስኪያጁ ወንድምም ቢሆን የአሜሪካ ፕሬዚዳንትም ቢሆን አይገባም ይል ነበር። በዛን ጊዜ ሰው እንዳንተ በፈለገው ሰዓት ነበር የሚገባው። ምክንያቱ ደግሞ በፖስተሩ ላይ ያለችው ዋናዋ ተዋናይት ፊልሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ ትገደላለች፣ አርፍዶ የገባ ሰው መቼ ነው የምትመጣው እያለ ፊልሙ እስኪያልቅ ይጠብቃታል። በሚቀጥለው ከቤት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ውጣ፣ ፋንድሻውንም አንተ ግዛላት።